ስለ ዱቄት ሳሙና ልክ

ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መዘዞ፥ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ከተሠሩት ሱቆች በአንዱም የማይታጣ ዕቃ ቢኖር የዱቄት ሳሙና ነው። ጨውና ስኳር፥ ክብሪትና ዘይት በሚቀመጡበት መደርደሪያ አጠገብ ትንንሾቹ ከረጢቶች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ተሰቅለው ይታያሉ። ገበያተኛው የፋብሪካውን ስም ሳይለይ ሁሉንም «ኦሞ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ባለሱቁም ዋጋውን ተቀብሎ ከመስጠት በቀር ምን እንደሚታጠብበትና በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ አይጠይቅም። ነገር ግን ይህ ዕቃ ከጨውና ከስኳር የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ጨው የበዛበት ወጥ ወዲያው በምላስ ይታወቃል፤ ሳሙና የበዛበት ልብስ ግን ጉዳቱን የሚገልጸው ከብዙ ሳምንት በኋላ ስለ ሆነ፥ ጥፋቱ የልኩ መሆኑ ቀርቶ የሸማኔው ወይም የባለሱቁ ተደርጎ ይቆጠራል።

በመንዝና በግሼ ደጋ ይህ ጉዳይ ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የደጋው ሰው ብርዱን የሚከላከለው በጥጥ ብቻ አይደለም። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራና ጠንካራ በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ እየተፈተለ ባናና ዝተት፥ በርኖስም ሲሠራበት ኖሯል። አንድ ባና ከበጎች ጀርባ ተሸልቶ፥ ተባዝቶ፥ ተፈትሎና ተሸምኖ እስኪያልቅ የብዙ ሰው እጅና የብዙ ቀን ድካም ይፈጃል። በቤቱም ውስጥ ከዓመት ዓመት የሚያገለግል ሀብት ነው። ይህንኑ ሀብት አንድ ከረጢት ዱቄት ሳሙና፥ ያለ ልክ በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ፥ በአንድ ጠዋት ሊያበላሸው ይችላል። እንግዲህ ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ ማወቁ ለደንበኛው ብቻ ሳይሆን ለራሱም ስም ዋስትና ይሆናል።

ዱቄት ሳሙና እድፍን የሚያስለቅቀው እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ መረዳት ያስፈልጋል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ዋነኛው አጣቢ ነገር በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። የእያንዳንዱ ቅንጣት አንዱ ጫፍ ውኃን ይወዳል፤ ሌላው ጫፍ ውኃን ሸሽቶ ቅባትን ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ በልብሱ ላይ ያለውን ስብና ላብ ሲይዝ፥ ውኃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውኃው ይስበዋል፤ እድፉም ከልብሱ ተላቅቆ በውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ቅንጣቶቹ በውኃው ውስጥ እየበዙ ሲሄዱ ግን የሚበቃው ልክ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ የተጨመረው ዱቄት እርስ በርሱ እየተሰበሰበ ይቀመጣል እንጂ የማጠብ ኃይሉ በዚያው መጠን አይጨምርም። ሁለት እጥፍ ሳሙና ያደረገ ሰው ሁለት እጥፍ ንጽሕና አያገኝም።

አረፋም እንዲሁ የንጽሕና መለኪያ አይደለም። አረፋ ማለት በሳሙናማ ውኃ ስስ ሽፋን ውስጥ የታሰረ አየር ነው። በእጅ ለሚታጠብ ልብስ የሚሠሩት ዱቄቶች ብዙ አረፋ እንዲያወጡ የሚደረጉት አጣቢው ደስ ስለሚለው፥ ውኃውም ገና ኃይል እንዳለው በዓይን ስለሚያስታውቅ ነው። ለልብስ ማጠቢያ መኪና ተብለው የተሠሩት ዱቄቶች ደግሞ አረፋን የሚያፍን ነገር ይጨመርባቸዋል፤ በማጠብ ግን ከእነዚያ አያንሱም።

በከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁሉ አጣቢ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ከአጣቢው ነገር ሌላ ሶዳ፥ የውኃን ጠንካራነት የሚያለዝብ ቅመም፥ ሽቶ፥ ነጭ ልብስን የሚያደምቅ ቀለም አልባ ማድመቂያና፥ በአንዳንዱም የደምንና የምግብን እድፍ የሚፈታ ኤንዛይም ይገኝበታል። በዋጋ ረከስ ባሉት ብዙዎቹ ዱቄቶች ውስጥ ሶዲየም ሰልፌት የተባለው ጨው ለማብዣነት በብዛት ይገባል፤ እርሱ ራሱ እድፍ አያስለቅቅም። በዚህም ምክንያት የሁለት ፋብሪካ ዱቄት በሚዛን እኩል ቢሆንም በኃይል እኩል ነው ማለት አይቻልም። አስመጪው ዋጋ ሲያወዳድር የኪሎውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በጥቅሉ ላይ የታዘዘውን ልክ አይቶ፥ አንዱ ኪሎ ስንት እጥበት እንደሚያጥብ ቢያሰላ የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ ያገኛል።

የሳፋው ልክ

በገጠሩና በከተማው ቤት ሁሉ የሚሠራበት ዕቃ ሳፋ ነው። በ10 ሊትር ውኃ ለሚታጠብ መካከለኛ እድፍ ላለበት የጥጥ ልብስ ከ30 እስከ 50 ግራም የሚሆን የእጅ ማጠቢያ ዱቄት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጥቅሉ ሌላ ልክ ካዘዘ ግን የጥቅሉ ትእዛዝ ይቀድማል። ሚዛን በሌለበት ቤት ልኩን በሾርባ ማንኪያ ማወቅ ይቻላል። ክብደቱ የተጻፈበትን አንድ ከረጢት ከፍቶ በተላጨ ማንኪያ፥ ማለት አፉ በቢላዋ በተስተካከለ ማንኪያ፥ እየሰፈሩ መቁጠር ነው። 100 ግራም የተጻፈበት ከረጢት 10 ማንኪያ ከወጣው አንዱ ማንኪያ 10 ግራም ይይዛል፤ ለሳፋው ከ3 እስከ 5 ማንኪያ ማለት ነው። ማንኪያው ካልተላጨ ግን እጥፍ ሊይዝ ስለሚችል ቁጥሩ ከንቱ ይሆናል። እድፉ የጸና እንደ ሆነም ዱቄቱን ከማብዛት ይልቅ ልብሱን ለግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍና አንገትጌውንና እጅጌውን በደረቅ ሳሙና ለይቶ ማሸት ይሻላል። ወንዝ ወርዶ የሚያጥብ ሰው ዱቄቱን በሚፈስሰው ውኃ ዳር በድንጋይ ላይ በተዘረጋ ልብስ ከሚነሰንስ፥ ውኃውን በሳፋ ቀድቶ ቢያጥብ ልኩን ያውቃል፤ ግማሹም ገንዘቡ ከወንዙ ጋር አይሄድም።

ሳሙና ሲበዛ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የማለቅለቂያው ውኃ ነው። ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የታጠበው ልብስ ከተጨመቀ በኋላ 2 ሊትር ሳሙናማ ውኃ በውስጡ ቀረ እንበል። 10 ሊትር ንጹሕ ውኃ ሲጨመርበት ጠቅላላው 12 ሊትር ይሆናል፤ ሳሙናውም ወደ ስድስተኛ እጁ ይቀንሳል። በመጀመሪያ በአንድ ሊትር 5 ግራም ከነበረ፥ ከአንድ ማለቅለቅ በኋላ 0.83 ግራም፥ ከሁለተኛው በኋላ 0.14 ግራም ያህል ይቀራል። ያው ሰው ዱቄቱን አራት እጥፍ አድርጎ በሊትር 20 ግራም ቢያደርስ ግን፥ ከሁለት ማለቅለቅ በኋላ የሚቀረው 0.56 ግራም ነው። ከመጀመሪያው ሰው ጋር ለመስተካከል ሦስተኛ 10 ሊትር ያስፈልገዋል። 10 ሊትር ማለት የባለ 20 ሊትር ጀሪካን እኩሌታ ነው። ውኃ ከምንጭ በሴቶች ጀርባና በአህያ በሚመጣበት ቀበሌ፥ ይህ ግማሽ ጀሪካን ከሳሙናው ዋጋ በላይ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ውኃው ሲቸግር ሦስተኛው ማለቅለቅ ይቀራል፤ ሳሙናውም በልብሱ ውስጥ ይደርቃል። የደረቀው ሳሙና አቧራ ይይዛል፥ ነጠላውን ያሻክረዋል፥ ነጩንም ወደ ግራጫ ይለውጠዋል፤ የሕፃናትንና ቆዳቸው ስስ የሆነ ሰዎችን ሰውነት ያሳክካል። ባለቤቱ ነጠላው «አልጸዳም» ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት ከፊተኛው የበለጠ ዱቄት ይጨምራል። የሚያሳዝነው ይህ ነው።

ውኃውም እንደ አገሩ ይለያያል። ውኃ ጠንካራ ነው የሚባለው የካልሲየምና የማግኒዥየም ጨው ሲበዛበት ነው። በሊትር እስከ 60 ሚሊግራም ያለበት ውኃ ለስላሳ፥ ከ180 በላይ ያለበት ደግሞ እጅግ ጠንካራ ተብሎ ይመደባል። የዝናብ ውኃ ለስላሳ ነው። በመንዝ ደጋ በክረምት ከጣራ ላይ የተጠራቀመ ውኃ ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። ወደ መርሐ ቤቴ ወርዶ ግን የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ያለውን የኖራ ድንጋይ ያጋልጣሉ፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ምንጭ ጠንካራ መሆኑ አይቀርም። በዓለም ከተማ ያለ ባለሱቅ ለመሐል ሜዳ ደንበኛ የሚሆነውን ልክ ለራሱ ደንበኛ ሳይመረምር ቢነግር ይሳሳታል። ምርመራው ቀላል ነው። በጠራ ጠርሙስ ውኃውን እስከ እኩሌታው ሞልቶ፥ ከደረቅ ሳሙና ጥቂት ፍርፋሪ ጨምሮ በኃይል መነቅነቅ ነው። ውኃው ጠርቶ አረፋው ከላይ ከቆመ ለስላሳ ነው፤ ውኃው እንደ አጓት ደፍርሶ አረፋው ወዲያው ከጠፋ ጠንካራ ነው። በጠንካራ ውኃ ደረቅ ሳሙና ከኖራው ጋር ተጣብቆ በልብስ ላይ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል፤ እዚያ ዱቄት ሳሙና ይሻላል፥ ልኩም ወደ ላይኛው ወሰን፥ ወደ 50 ግራም፥ ይጠጋል። በለስላሳ ውኃ ግን 30 ግራሙ ብዙ ጊዜ አያንስም።

የባናና የበርኖስ ነገር

እስከዚህ የተባለው ስለ ጥጥ ነው። የበግ ጠጉር ሌላ ሕግ አለው። ጥጥ ከተክል የተገኘ ስለ ሆነ ሶዳን ይታገሣል፤ ጠጉር ግን እንደ ሰው ጠጉርና ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ስለ ሆነ ሶዳ ይጎዳዋል። በተራው ዱቄት ሳሙና የተበጠበጠ ውኃ ደግሞ ሶዳማ ነው። በጠጉሩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉ፤ በሙቀትና በሶዳ ሲከፈቱ፥ በማሸት ሲፋተጉ፥ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይጠቀጠቃል፤ ባናውም ይኮማተራል። አንድ ጊዜ የተጠቀጠቀ ባና ወደ ቀድሞው ስፋቱ አይመለስም።

ኤንዛይም ያለበት ዱቄትም ለጠጉር አይስማማም፤ ደምንና እንቁላልን የሚፈታው ኤንዛይም ጠጉርንም ከዚያው ወገን ስለሚቆጥረው ቀስ በቀስ ያሳሳዋል። እዚህ ላይ የሚያስገርም የስም መገጣጠም አለ። ኤንዛይምን ለልብስ ማጠቢያ ለማዋል እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን አገር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ኦቶ ሮም፥ ለገበያ ላወጣው ማጠቢያ የሰጠው ስም «ቡርኑስ» ነበር። በርኖስ ለባሹ መንዜ ግን ከዚያ ዓይነት ማጠቢያ በርኖሱን ቢያርቅ ይሻለዋል። በረኪና ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በረኪና ጠጉርን ያቃጥለዋል፥ ሲጠነክርና ሲቆይም ጨርሶ ያሟሟዋል፤ ባናን ለማንጣት በረኪና የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ ባለሱቁ ባይሸጥለት ይሻላል። ነጭ ጠጉርን በማድመቂያ ያለበት ዱቄት ማጠብም እንዲሁ ነው፤ ለጊዜው ቢያበራም በደጋው ብርቱ ፀሐይ ቶሎ ወደ ቢጫነት ይለወጣል።

እንግዲህ የባናው ልክ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አቧራውን በደረቁ አራግፎ ማስወገድ፤ ከዚያ ለብ ያለ ማለት እጅን የማያሞቅ የማያቀዘቅዝ ውኃ፥ ለ10 ሊትር አንድ የተላጨ የሾርባ ማንኪያ ኤንዛይምና ማድመቂያ የሌለበት ለስላሳ ሳሙና፤ የጠጉር ማጠቢያ ሻምፖ ካለ ደግሞ ይበልጣል። ማሸት የለም፥ መጠምዘዝ የለም፤ እየጫኑ ውኃውን ማሳለፍ ነው። የሚለቀለቅበትም ውኃ ከሚታጠብበት ጋር በሙቀት እኩል ይሁን። ባና ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ከጥጥ ይልቅ ደጋግሞ መለቅለቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህም ሳሙናው ከመጀመሪያው ያነሰ መሆኑ ይጠቅማል። ከዚያ በገመድ ሳይሰቀል፥ በጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ የደጋ ነገር አለ። ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ያህል በሚገኝ ቦታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ለነጭ ጥጥ 95 ዲግሪ የሚያዝ የውጭ አገር ጽሑፍ በመሐል ሜዳ በብረት ድስት ሊፈጸም አይችልም፤ ጉድለቱንም በሳሙና ብዛት ለመሙላት መሞከር አይጠቅምም። የአሁኖቹ ዱቄቶች አብዛኞቹ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው።

ስለ ልብስ ማጠቢያ መኪና

በደብረ ብርሃንና በሌሎቹ የዞኑ ከተሞች ባሉ ሆቴሎችና በአንዳንድ መኖሪያ ቤቶች የልብስ ማጠቢያ መኪና እየተለመደ ነው። መኪናውን የሚያስመጣው ነጋዴ የኤሌክትሪክ ገመዱንና የውኃ ቱቦውን ያያል፤ የሳሙናውን ልክ ግን ለገዢው ይተዋል። በፊት ለፊት በር የሚከፈተው መኪና ልብሱን የሚያጥበው ወደ ላይ እያነሣ መልሶ በመጣል ነው። ውኃው ጥቂት ስለ ሆነ ሳሙናውም በዚያው ልክ መሆን አለበት። በዚህ መኪና የእጅ ማጠቢያ ዱቄት ያለ ልክ ሲጨመርበት አረፋው እንደ ፍራሽ ሆኖ የልብሱን መውደቅ ያለዝበዋል፤ ስለዚህ ልብሱ ሳይጸዳ ይቀራል። አረፋው ወደ ውኃ ማውጫው ገብቶ ያስቸግራል፤ አንዳንዱ መኪና አረፋ ሲሰማው በራሱ ጊዜ ውኃ እየጨመረ ደጋግሞ ይለቀልቃል፥ መብራትና ውኃም ይፈጃል። የቀረው ሳሙና በበሩ ጎማ እጥፋት ተጠራቅሞ ሻጋታ ያበቅላል፤ «መኪናው ሸተተ» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ለ4 ወይም ለ5 ኪሎ ደረቅ ልብስ ብዙ ፋብሪካዎች የሚያዙት የመኪና ዱቄት ከ60 እስከ 90 ግራም ያህል ነው፤ ለስላሳ ውኃና ቀላል እድፍ ወደ ታችኛው፥ ጠንካራ ውኃና ከባድ እድፍ ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋል። መኪናው 7 ኪሎ ይይዛል ማለት ሁልጊዜ ለ7 ኪሎ የሚሆን ሳሙና ይጨመር ማለት አይደለም፤ ልኩ የገባውን ልብስ ይከተላል። ሳሙና ከልክ በላይ ሲደረግ እንደ ቆየ ለማወቅ የሚፈልግ የሆቴል ባለቤት፥ ታጥበው የደረቁ ፎጣዎችን ያለ ምንም ሳሙና መልሶ በሞቀ ውኃ ይጠባቸው፤ በበሩ መስታወት አረፋ ከታየ የቀድሞው እጥበት ዕዳ ነው። መብራት በእጥበቱ መካከል ሲጠፋ ልብሱ በሳሙናው ውስጥ ለሰዓታት ስለሚቀመጥ የልኩ ነገር የባሰ ይጠነክራል። ባና ግን ወደ መኪና አይግባ፤ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ለመኪናውም አይበጅም።

ልክን ስለ ማወቅ ሲነገር እንዶድን ማንሣት ይገባል። ዱቄት ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የአገራችን ሰው ሸማውን የሚያጥበው በእንዶድ ነበር፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ ሳፖኒን የተባለው ነገር አረፋ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፥ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተዋለ፤ ከዚህም የቢልሃርዝያ በሽታን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋት ጥናት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 እርሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህ ምርምር ነጋዴው የሚይዘው አንድ ነገር አለ፤ ልብስ ያጠበ ውኃ ከልብሱ ጋር ሥራውን አይጨርስም፥ ወርዶም ይሠራል። ከጓሣ ደጋ የሚነሡት ጅረቶች ወደ ጀማ ወርደው ወደ ዐባይ ሲገቡ በመንገዳቸው ከብትና ሰው ይጠጣቸዋል።

ምንጣፍና የጠጉር ፈትል ለሚያቀርቡ ነጋዴዎችም ነገሩ ይነካቸዋል። ጥሬ ጠጉር ሲታጠብ ሳሙና ከበዛና በደንብ ካልተለቀለቀ፥ በፈትሉ ላይ የቀረው ሳሙና ቀለሙ እኩል እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ አንዱ ጥምጥም ጠቁሮ ሌላው ይነጣል። የውጭ አገር ገዢ ምንጣፍ ሲመርጥ በመጀመሪያ የሚያየው የቀለሙን መስተካከል ነው። ፈትል ሰብሳቢው ጠጉሩን ከአምራቾች ሲረከብ ጥቂቱን በንጹሕ ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ነቅንቆ አረፋ ካየ፥ ቀለም ከመግባቱ በፊት እንደገና እንዲለቀለቅ ማዘዝ ይችላል፤ ከቀለም በኋላ ግን የሚደረግ ነገር ጥቂት ነው።

ባለሱቁ ይህን ሁሉ ለደንበኛው የሚያስተምርበት ጊዜ የለውም። አንድ ጥያቄ ግን ይበቃዋል። አንዲት እናት ከረጢት ስትጠይቅ «እትዬ፥ የሚታጠበው ባናው ነው ወይስ ነጠላው?» ቢላት፥ «ባናው ነው ልጄ፤ ለበዓል እንዲደርስልኝ» ካለችው፥ ከዱቄቱ ይልቅ ለስላሳውን ሳሙና ያሳያታል፤ ነጠላ ካለችው የማንኪያውን ቁጥር ይነግራታል። ከትልቅ ኬሻ እየሰፈሩ በላስቲክ የሚቸረችሩ ባለሱቆች ደግሞ ጥቅሉ ሲቀደድ የአጠቃቀሙ ጽሑፍ አብሮ እንደሚጠፋ ያስቡበት። ጽሑፉ ያለበትን ወገን ቆርጠው በሚዛኑ አጠገብ ቢለጥፉት፥ ኤንዛይም መኖር አለመኖሩን ሲጠየቁ መልስ አያጡም። አስመጪውም ዕቃውን ሲያዝዝ በአማርኛ የተጻፈ መለያ እንዲለጠፍበት ከሻጩ ጋር በውሉ ቢያስገባ ወጪው ጥቂት ነው። በመለያው ላይ ለ10 ሊትር ሳፋ ስንት ግራም፥ ለመኪና ስንት ግራም፥ ለበግ ጠጉር ይሆን እንደ ሆነ ወይም አይሆን እንደ ሆነ ሦስት መስመር ይበቃል።